ልብሷን የምታወልቀው ወፍ

ልጅ ሳለሁ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። እናቴ «አንች ልጅ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽ?» እያለች ትቆጣኝ ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው ባይ ኖሮ ምናልባት እኔም እቀመጥ ነበር እላለሁ። አምባችን በሙሉ አይቀመጥም ነበር። ከወሎ፣ ከድርቁ ማግስት፣ በመኪና ተጭነን መጥተን አሶሳ ዳርቻ የሰፈርን ሰዎች፣ በገመድ ተለክተው በተርታ በተሠሩት የሣር ጎጆዎች ከገባን ዓመት ከመንፈቅ ቢያልፈንም ጓዛችንን በልባችን ገና አልፈታንም። ትልልቁ ሰው ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ያወራል፣ ሲተኛም ጆሮው እንደ ነቃ ነው። ጠዋት ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል ሁሉም ባንድነት ወደ ማሽላው እርሻ ይሰማራል፤ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ደግሞ በየደጃፉ ቆሞ ወደ ፀሐይ መውጫ ያያል። አገራችን በዚያ በኩል ነበር።

«ጠፋ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው የተማርኩት እዚያ ነው። ፍየል ሲጠፋ ይፈለጋል፤ ሰው ሲጠፋ ግን የሚፈልገው ካድሬው ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እገሌ ጠፋ» ይልና በሆዱ መንገዱን ይሸኘዋል። አንዳንዱ በሳምንቱ በታጣቂ ተከቦ ይመለስ ነበር። ያልተመለሰው አገሩ ይግባ ዓባይ ይብላው የሚነግረን አልነበረም።

በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ አባ ኢድሪስ። የዚያው አገር ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናቸው። እኛ ከመምጣታችን በፊትም ከአምባው ጠርዝ፣ ከትልቁ ማንጎ ሥር ይኖሩ ነበር፤ እኛ ስንመጣም ማንጎውን ትተው አልሄዱም። ሥራቸው ቀፎ መሥራት ነው። ቀርከሃውን በቢላ እየሰነጠቁ እንደ ረጅም ቅርጫት ይጎነጉኑታል፣ በእበት ይለስኑታል፣ ሲደርቅ ደግሞ ፍም ላይ እርጥብ ቅጠል ጣል አድርገው ጭሱን ከዚህ አፉ በዚያ አፉ ያሳልፉታል፤ ንብ የሰው እጅ የሸተተው ቤት አትገባም ይላሉ። ይህን የሚያደርጉት ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነበርና እኛ ልጆች ጭሱን አይተን እንሰበሰባለን፤ ዓይናችን እያነባ፣ የፍሙ ወገግታ ጉልበታችንን እየሞቀን፣ ተረት እንሰማለን። እኔም እንኳ እዚያ ስደርስ እቀመጥ ነበር፤ ረጅም ጊዜ ባይሆንም።

አባ ኢድሪስ አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ነው። በእሳቸው አማርኛ ውስጥ ሴት የሚባል ፍጥረት አልነበረም። ሚስታቸውን ሐዋን «ሐዋ ገበያ ሄደ፤ ባሚያ ይዞ ይመጣል» ይሏቸዋል፤ እኔን «ያ ቢንት፣ አንተ ዛሬም ሮጠ?» ይሉኛል፤ በእነሱ አፍ «ቢንት» ልጃገረድ ማለት መሆኑን ሳውቅማ ሳቄን አልቻልኩትም። እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። «አማርኛ ሁለት በር አለው» ይሉ ነበር፤ «እኔ በአንዱ ብቻ ነው የሚገባ። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው፣ ወላሂ።» በእርግጥ እኛም ብንሆን የምንኮራበት አልነበረንም፤ ትንሽና ቆንጆ ነገር ሁሉ ለእኛ ሴት ነው፤ ወፍ ባየን ቁጥር ወንድ ትሁን ሴት ሳንጠይቅ «ያችትና!» እንላለን። ይህ ሳቅ ኋላ ስንት ዓመት እንቅልፍ እንደሚነሣኝ ያኔ ማን አወቀ።

ወደ ወፏ ልምጣ። ከጎጆአችን ደጃፍ ማንም ያልተከለው የራስ ክምር ቁጥቋጦ በቅሎ ነበር። ክረምቱ ሲጋመስ ዘንጉ ከእኔ ቁመት ይበልጥና በየአንጓው ዙሪያውን ብርቱካንማ አበባ ይደረድራል፤ አበባው ቀጭን ቱቦ ሆኖ ሥሩ ላይ ማር የመሰለ ውሃ ይይዛል፣ እኛም እየነቀልን እንመጥጠው ነበር። ወፏ የምትመጣው ለዚሁ ነው። ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም፤ ጀርባዋ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ፣ ደረቷ የበርበሬ ቀይ፣ መንቁሯ እንደ ማጭድ የጎበጠ። አበባው ላይ ራሷን ቁልቁል ዘቅዝቃ ትንጠለጠልና ምላሷን ሰድዳ ትመጥጣለች፤ ከዚያ ብር ብላ ወደ ሌላው። ከእኔ የባሰ የማትቀመጥ ፍጥረት ያየሁት እሷን ነው።

አባቴ ወደዳት። አባቴ ያኔ የሚወደው ነገር አልነበረውም፤ በሬው የለ፣ ማሳው የለ፣ የሚያርሰው የማን እንደሆነ የማያውቀውን መሬት ነው። ጠዋት ቸርኬው እስኪደወል ደጃፍ ይቆምና ቀዩ ብልጭ ሲል «መጣች እንግዳችን» ይላል። አንድ ቀን ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት። «ይች ወፍ እንደ እኛው መጤ ናት። ዓምናም አይቻታለሁ፤ ክረምት ትመጣለች፣ ሣሩ ሲደርቅ ትሄዳለች። ዘንድሮ እሷ ስትሄድ እኛም እንሄዳለን። ይመርም ቆርጧል።» ይመር የአባቴ የአገር ልጅና ጎረቤታችን ነበር፤ ሚስትና ልጅ አልነበረውም። አሳቡ በገበያ ቀን፣ ሰው ወዲያ ወዲህ ሲል፣ የገበያተኛ መስሎ ወጥቶ ጫካ ለጫካ ወደ ዓባይ መዝለቅ ነው። ሣር ሳይደርቅ መንገድ አይታይም፣ ወንዙም አይጎድልም። ስለዚህ ወፏን እንደ ቀን መቁጠሪያ ያዟት።

እናቴ «እሺ» አለች። ከአባቴ አፍ የወጣውን እሺ ከማለት ሌላ አታውቅም ነበር። ግን በዚያ ክረምት ወባ ሁለት ጊዜ አንኮታኩቷት ተነሥታለች፤ ደግሞም ነፍሰ ጡር ነበረች፣ እግሯ አብጦ ጫማ አይገባትም። ከምንጭ ስትመለስ እንስራዋን ይዤላት ስሄድ ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበችና፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ «እኔ ወንዙ ድረስ አልደርስም» አለች። ከዚያ እንደ ምንም ነገር መንገዷን ቀጠለች። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቁጥቋጦው ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ወፏ እስካለች እናቴ አለች፤ በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩ ይኸው ነበር። ጠዋት ከአባቴ በፊት እነሣለሁ፣ ከእርሻ ውሃ አቀብዬ ስመለስ በሩጫ እመጣለሁ፤ ሌላ ልጅ አበባውን ሊቀጥፍ ሲጠጋ በድንጋይ አባርረዋለሁ።

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ ቀዩ እየራቀ መጣ። መጀመሪያ ቀን ዘለለ፣ ከዚያ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ጨርሶ ቀረ። ሣሩ ወርቅማ ሆኖ ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሽ ጀመር። አባቴ ሰኞ ጠዋት ደጃፍ ቆሞ ቆሞ፣ «ሄደች» አለ። ወዲያው ወደ ይመር ጎጆ ሲሄድ አየሁት። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነበር።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ወደ ማንጎው የሮጥኩትን ሩጫ እግሬ እስካሁን ያስታውሰዋል። አባ ኢድሪስ ቀፎ በጭስ እያጠኑ ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች ገና አልመጡም። ስለ መጥፋቱ እንዳልናገር እናቴ አስምላኛለች፤ ስለዚህ ስለ ወፏ ብቻ ነገርኳቸው፤ ቀይዋ ወፍ ሄደች፣ ለምን ሄደች፣ የት ሄደች፣ ትመለሳለች ወይ፣ በአንድ ትንፋሽ። ቀና ብለው አዩኝና ጭሱን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት።

«አልሄደም» አሉኝ። «እሱ የትም አይሄድም። አንተ ልብስ አየ፤ ወፍ አላየም።»

ከዚያ ተረቱን ነገሩኝ። ዱሮ፣ የእሳቸው አያት አያት ሳይወለዱ፣ የሚያበራ ነገር ሁሉ የሚወድ አንድ ሡልጣን ነበር አሉ። ወርቅ ይወዳል፣ የነብር ቆዳ ይወዳል፣ መልከ መልካም ሰው ይወዳል፤ ምድር ሲደርቅ ወንዝ ሲጎድል ሰዎቹን ይልክና ያገኙትን የሚያበራ ነገር ሁሉ አስረው ይወስዱለታል። ወፉ ያኔ በጋም ክረምትም ቀይና አረንጓዴ ለባሽ ነበር፣ ደግሞም ጉረኛ። አንድ በጋ የሡልጣኑ ሰዎች ወንድሙን ወሰዱት። በሚቀጥለው በጋ አቧራቸውን ከሩቅ ሲያይ ወፉ ቀዩን ልብሱን አወለቀ፣ ቀርከሃ ውስጥ ደበቀው፣ የአመድ ቀለም ያለው ቡትቶ ለበሰና መንገዳቸው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። «ቀዩ ወፍ የት አለ?» አሉት። «ሄዷል» አላቸው፤ «ወደ ሱዳን ሄዷል፣ ብትሮጡ ትደርሱበታላችሁ።» ሮጡ። ዝናቡ ዘንቦ ወንዙ ሲሞላና መሻገሪያ ሲጠፋ ልብሱን ከቀርከሃው አውጥቶ መልበስ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው።

«ኸላስ» አሉ አባ ኢድሪስ፤ ተረት ሲያልቅ እንደዚያ ነው የሚሉት።

ሌላ ቀን ቢሆን ተረቱ ይበቃኝ ነበር። ያን ቀን ግን አልበቃኝም። «እንዴት አውቃለሁ?» አልኳቸው፤ «ቡትቶ የለበሱት ወፎች ብዙ ናቸው!» እውነቴን ነበር። ከቀይዋ ጋር ክረምቱን ሙሉ የምትውል አመድማ ወፍ ነበረች፤ ቀይዋ ባል፣ እሷ ሚስቱ መሆኗን እሳቸው ራሳቸው ቀደም ሲል ነግረውኛል። ባልየው ጥሏት ሄዶ እሷ ብቻ ቀርታ ቢሆንስ?

አባ ኢድሪስ ቢላቸውን አስቀመጡ፤ ቢላቸውን ሲያስቀምጡ ብዙ ጊዜ አላየኋቸውም። መንቁሩን እይ አሉኝ፣ የጎበጠ ከሆነ አበባ መጣጭ ነው፤ አቀማመጡን እይ፣ ራሱን ዘቅዝቆ ነው የሚጠጣው፤ ድምፁን ስማ፣ ጭፕ ጭፕ ብሎ አከታትሎ ይጠራል። ይህ ሁሉ ግን ለባልም ለሚስትም አንድ ነው። ባልየውን የሚለየው ሌላ ነገር ነው። «ቸኩሎ ነው ያወለቀ» አሉኝ፤ «ሲቸኩል ቁልፍ ይረሳል። አንድ ቁልፍ። እዚህ።» በጣታቸው የገዛ ትከሻቸውን ነኩ። «አረንጓዴ። ፀሐይ ሲመታው ብልጭ ይላል። ሚስቱ ቁልፍ የለውም።»

ማክሰኞና ረቡዕ ቁጥቋጦው ሥር ዋልኩ። አበባው አርጅቶ ከጫፍ ጫፉ ብቻ ጥቂት ቱቦ ቀርቶታል። አመድማዋ ወፍ መጣች፤ መንቁሯ የጎበጠ፣ አንገቷ የተዘቀዘቀ፣ ጭፕ ጭፕ። እስከዚህ ደህና። ትከሻዋ ግን መች ይታያል? ከመጣች ጀምሮ አንድ አፍታ አትቆም፤ ክንፏ ሲዘረጋ ይሽከረከራል፣ ሲከደን ቅጠል ይጋርደዋል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ ያለ መሰለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ላብ ዓይኔ ገብቶ ይሆናል አልኩ። እንደዚያ ሰሞን በራሴ ላይ የተናደድኩበት ጊዜ የለም። እኔም አልረጋ፣ እሷም አትረጋ፤ ሁለት የማይቀመጡ ሆነን እንዴት እንተያይ!

ሐሙስ ከሰዓት አባ ኢድሪስን እጃቸውን ጎትቼ አመጣኋቸው። የቀርከሃ ሸክማቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ራቅ ብለው ቆሙ። ወፏ መጣች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ትንሽ አዩና፣ «እሱ ነው» አሉኝ። «ባልየው?» አልኩ። «እሱ ነው፣ ወላሂ፣ እሱ» ብለው ሸክማቸውን አስተካክለው ሄዱ። እኔ ደስታዬ ጣሪያ ነካ። ሐዋም «እሱ»፣ እኔም «እሱ»፣ ሴት ፍየልም «እሱ» የሆነችበት አማርኛ መሆኑ ትዝ ያለኝ እሳቸው ከራቁ በኋላ ነው። ተከትዬ ልጠይቃቸው ጥቂት ሮጥኩ፣ ከዚያ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር፣ መልሳቸውን ፈራሁት።

ዐርብ ጠዋት ቸርኬው ሳይደወል አባቴን እጁን ያዝኩት። እናቴ ጎጆ ውስጥ ለስንቅ በሶ የሚሆን ገብስ ትቆላ የነበረ ይመስለኛል፤ እንጃ፣ ብቻ የገብሱ ሽታ እስከ ደጅ ይሰማ ነበር። ፀሐይዋ ገና ከሣሩ ብቅ እያለች ነው። ጥቂት ቆመን ወፏ መጣች፤ ከእኛ ከዐሥር እርምጃ አይበልጥም፣ ከላይኛው አበባ ላይ ተንጠለጠለች።

«አባዬ፣ ያችትና! አልሄደችም።»

አባቴ አንገቱን አስግጎ አየ። «የታለች?» አለኝ።

«ያች፣ ከላይኛው ላይ፣ ተዘቅዝቃ!»

«ቀይ አላት?»

«ቀዩን አውልቃዋለች። ደብቃዋለች እንጂ የትም አልሄደችም። ክረምት ከበጋ እዚሁ ናት፣ አባ ኢድሪስ ነግረውኛል። ትከሻዋ ላይ አረንጓዴ ቁልፍ አላት፤ ቁልፍ ካላት እሷው ናት።»

ወፏ ጭፕ ጭፕ አለች። አባቴ ዓይኑን አጠበበው፣ እጁን በግንባሩ ላይ ጋረደ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሌላ ሰው የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ፣ «ቁልፉን አየሽው?» አለኝ።

«ማርያምን አየሁት!» አልኩ።

አላየሁትም ነበር።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ቁጥቋጦውን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ «አዎ» አለ፤ «አየኋት። እሷው ናት።» ቸርኬው ተደወለና ዶማውን አንሥቶ ሄደ።

ቅዳሜ ይመር ብቻውን ጠፋ። አባቴ ጎጆ ውስጥ ተኝቶ ዋለ፤ በቀን ሲተኛ ያየሁት ያን ቀን ነው። ካድሬው መጥቶ ስለ ይመር ሲጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ጠፋ» አለ። እናቴ ጥር ላይ ወንድሜን ወለደች፤ ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ፣ ሐዋና የአምባው ሴቶች ከሞት አፍ ነጠቋት። ያ ነገር ጫካ ውስጥ ቢሆን ምን ይውጠን እንደ ነበር ማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን ሳስበው እንቅልፍ አጣ ነበር። ደግሞ ስለ ሐሰቱ መሐላ ሳስብም አጣለሁ። ስለዚህ ብዙ አልተኛሁም።

ዓመታት ሄዱ። መንግሥት ተለወጠ፣ ከአምባው ብዙው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ወሎ ተመለሰ። እኛ ቀረን፤ እናቴ «ሁለት ጊዜ አልነቀልም» አለች፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ያለችው ያኔ ነው። ከተመለሱት አንዱ በኋላ ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ ወሬ አመጣ። ይመር በዚያው በጋ አገሩ ገብቷል፣ የአባቱን መሬት አግኝቷል፣ አግብቶ ወልዷል። አባቴ ሰምቶ «ተመስገን» አለ። ያ «ተመስገን» ከስድብ ይበልጥ ጎዳኝ። አባቴን አገሩ እንዳይገባ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ባላየሁት ላባ ምዬ፤ እንዲህ እያልኩ ነው ያደግሁት።

አስተማሪ ሆኜ አሶሳ ከተማ ከገባሁ በኋላ ነገሩ ጭራሽ ባሰብኝ። አንድ ወጣት ባልደረባዬ፣ የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ የማይጠፋ፣ ወፍ ሲያይ ባጃጅ አስቁሞ የሚወርድ፣ የወፍ መጽሐፍ ነበረው። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ ገልጬ ፈለግኳት፤ አገኘኋት። ባልየው በክረምት ልብሱ፣ ከጎኑ ባልየው በበጋ፣ ከዚያ በታች ሚስትየዋ። ሁለቱ አመድማዎች ቁርጥ አንድ ናቸው። አባ ኢድሪስ እውነታቸውን ነው፤ ባልየው ትከሻ ላይ የቀረች ትንሽ አረንጓዴ አለች። ባልደረባዬን «በዓይን ብቻ፣ ከዐሥር እርምጃ፣ ይህችን ማየት ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ወፉ ከቆመልሽ» አለኝና ሳቀ፤ «እሱ ደግሞ አይቆምም።» አባ ኢድሪስ ከሞቱ ቆይቶ ነበር። ለእኔ የነገሩኝ «እሱ» የትኛው በር እንደ ነበረ የምጠይቀው ሰው አልቀረልኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴን ለማየት ወደ አምባው እሄዳለሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከወንድሜ ጋር ነው የሚኖረው፤ ዓይኑን ማዝ የሚሉት በሽታ ጎድቶት ጎድቶት በመጨረሻ ጋርዶበት፣ ቀኑን ማንጎ ሥር ይውላል። መጽሐፉን ባየሁ በሳምንቱ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ቁልፉን እንዳላየሁ፣ በማርያም ስም እንደ ዋሸሁት፣ ሚስትየዋም ልትሆን እንደምትችል።

አባቴ ዱላውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ፣ «የምን ቁልፍ?» አለኝ። «እኔ ወፏንም አላየኋት።»

አልገባኝም።

«ቀይ በነበረች ጊዜ አያት ነበር» አለ። «ቀይ ነገር ከሩቅ ይታየኛል፤ ሌላው ነበር እየደበዘዘ የሄደብኝ። ቀዩን ስታወልቀው ለእኔ ሄደች ማለት ነው። ያን ቀን አንች ጣትሽን ቀስረሽ ትከሻዋን ትነግሪኛለሽ፤ ድምፅዋ ጆሮዬ ሥር ነው፤ እኔ ቁጥቋጦውን እንኳ ከሣሩ ለይቼ አላየውም። ከዐሥር እርምጃ የተንጠለጠለች ወፍ ያላየሁ ሰው፣ አንችንና እናትሽን በዚያ ዱር ይዤ ልመራ ኑሯል! የዚያን ቀን ነው ዓይኔ እንደሄደ ያወቅሁት።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ለማን ልንገር? ዕውር ሰፋሪ ምን ይሠራል ይሉ ነበር። ለይመርም ልጄ ፈራች አልኩት። በአንች አሳበብኩ።»

ተናደድኩ፤ መናደዴን አልደብቅም። ስንት ዓመት ሙሉ ተሸክሜ የዞርኩት ነገር የእኔ አልነበረም፤ ደግሞም ያ ሸክም ሲወርድ እፎይ ማለት ሲገባኝ፣ የሆነ ነገር የተወሰደብኝ መስሎኝ ተነሥቼ ቆምኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ቆምኩ። አባቴ ኮቴዬን እየሰማ «አሁንም እሾህ ላይ ነሽ?» አለኝ። ከተረቱም፣ ከጭሱም፣ ከመጽሐፉም በላይ እስካሁን ከእኔ ጋር የቀረው ይህች ሰዓት ናት፤ አንዱ ያላየውን አየሁ ብሎ የማለበት፣ ሌላው ያላየውን አየሁ ብሎ ያጸናበት፣ እናቴና ወንድሜ በሁለት ውሸት መካከል የተረፉበት ጠዋት፣ ለካ የሁለታችንም ኖሯል።

«እንግዲህ ሁለታችንም አላየንም በያ» አለና ሳቀ። ከሳቀ አያቆምም፤ እንባው እስኪወርድ ነው የሚስቀው። እኔም ሳቅሁ፣ ሳቁም ሳላውቀው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ፤ ማልቀሴን እንዳያይ ፊቴን ቶሎ ወደ ሣሩ አዞርኩ። ማዞር እንደማያስፈልገኝ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።